ባሌና ጠማማዎቹ ፊደሎች

ባሌ እንግሊዝኛ አይናገርም። ይኼን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ሰፈሩ በሙሉ እንደ ውሃ ጠጥቶታል ብሎ ነው የሚያምነው። አንድ ጊዜ አንድ የውጭ አገር ሰው መንገድ ጠፍቶት ሥራ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ቢጠይቀው፣ ባሌ በእጁ ወደ ሩቅ እያመለከተ «ሆራይዘን» አለው። ሌላ ምንም አልጨመረም። ሰውየው አመስግኖ ወደተጠቆመበት ሄደ፤ የት እንደደረሰ እንጃለት።

ቃል በማወቅ ግን የሚያህለው የለም። መናገር ሌላ፣ ቃል ማወቅ ሌላ። አንድ ቃል ጥሩለት፤ ስንት ኦ እንዳለው፣ ኤሱ መጀመሪያ ይሁን መጨረሻ፣ ከሆዱ ውስጥ ምን ምን ትንንሽ ቃል እንደሚወጣ ሳይተነፍስ ይነግራችኋል። ትርጉሙን ከጠየቃችሁት «እሱ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ አለ» ብሎ ይገላገላችኋል።

ሥራው ታፔላ ነው። ላሜራ ይቆርጣል፣ ይሞርዳል፣ ቀለም ይቀባል፣ የሱቁን ስም ፊደል በፊደል ግንባሩ ላይ ይሰቅላል። ከዚህ የተነሳ የወጣለት ስም ተረስቶ ጋሽ ኤቢሲዲ ሆኖ ቀርቷል። እኔ እንኳ በዚህ ስም የምጠራው ስቆጣ ብቻ ነው፤ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ።

ፊደል የማጠራቀሙ አመል የጀመረው ገና አዲስ ተጋቢ ሳለን ነው። አንድ ሰው «ጎልደን ሆራይዘን ሬስቶራንት» የሚል ታፔላ አዘዘ። ባሌ ወገቡ እስኪቆረጥ ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ሰውየው ሐሳቡን ለወጠና መኪና ልነግድ ነው ብሎ እብስ አለ። ፊደሎቹ መኝታ ቤታችን ገቡ። «አልጋ ሥር ሬስቶራንት ይዤ አላድርም!» ብዬ ብጮህ «ፊደል አይጣልም» አለኝ። ይኼው እስከ ዛሬ አልተጣለም።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጫማ ሻጭ መጣ። ሱቅ ሊከፍት ነው፣ ኪሱ ግን ሳሳ ያለ ነው፣ ስምም አላሰበበትም። ባሌ ፊደሎቹን ወለሉ ላይ ዘረገፈ፣ ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠና ማፏጨት ጀመረ። ሲያፏጭ እየፈለገ ነው፤ ፉጨቱ ድርግም ሲል አግኝቷል ማለት ነው። ድርግም አለ።

«ኦሬንጅ» አለ።

ጫማ ሻጩ ግራ ገባው። «ወንድሜ፣ እኔ እኮ የምሸጠው ጫማ ነው።»

«ታዲያ ጫማህ አያምርም እንዴ? ብርቱካንም ያምራል።»

ይኼ ክርክር እንዴት እንደሚያሸንፍ እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ ግን አሸነፈ። ከቀሩት ፊደሎች ፀጉር አስተካካዩ «ኖርዝ»ን ወሰደ፣ መድኃኒት ቤቱ «ላየን» ተባለ፣ አምፖልና ሽቦ የሚሸጠው «ስታር» ሆነ። መጨረሻ ላይ ዲ፣ ኢ፣ ዩና ዜድ ቀሩ። ከነሱ የሚወጣ ቃል ፍለጋ መዝገበ ቃላቱን ሲያገላብጥ ከርሞ ሲያጣ ለውሻችን ሰጣት። ምስኪን፣ እስክትሞት ድረስ ዱዜ ተብላ ኖረች። ጎጆዋ ላይ ታፔላ ያላት ውሻ እሷ ብቻ ነበረች።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ለመደው። የከሰረ ሱቅ ታፔላ ይወርዳል፣ ፊደሉ ወደ ካርቶን ይገባል፣ አዲስ ባለሱቅ ሲመጣ ካርቶኑ ይዘረገፋል። ማታ ገበታ ላይ «ኤም፣ ኦ፣ አር፣ ኤንና ጂ ያሉበት ቃል!» ብሎ ይጥልብናል፤ እኔና ልጃችን እየጎረስን እንፈልጋለን። እኔ እንግሊዝኛዬ እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ የሌለ ቃል እየፈጠርኩ አከራክረዋለሁ። ልጃችን ቢሮ ሥራ ከያዘች በኋላ አንድ ቀን ስልኳን አውጥታ፣ «አባዬ፣ ፊደሎቹን እዚህ ስትጽፍ ያሉባቸውን ቃላት በሙሉ ይዘረዝርልሃል» ብላ አሳየችው። ዓይኑን ጨፍኖ «አጥፊው!» አለ።

«ለምን አባዬ?»

«ስልኩ ቃሉን ያውቃል፤ ባለሱቁን አያውቀውም።»

እንግዲህ ወደ ራሴ ልምጣ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰፋሁት ለሰው ነው። ከአንድ የልብስ ሱቅ ጀርባ፣ መስኮቷ ግድግዳ በምታይ ክፍል ውስጥ። እኔ የሰፋሁትን ቀሚስ ከፊት ለፊት ሌላ ሴት ፈገግ ብላ ትሸጠዋለች፤ ገዢዋ «እጅሽ ይባረክ» የምትለውም እሷን ነው። አልዋሽም፣ ያንገበግበኝ ነበር። ዘንድሮ በራሳችን መንገድ ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተለቀቀች። ስትለቀቅ ዓይኔን አላሸሁም። ተከራየኋት፣ የስፌት መኪናዬን አስገባሁ፣ ግድግዳውን በገዛ እጄ ቀባሁ። የቀረኝ ታፔላ ነው።

ስሙን ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ እናቴ ታማ ትምህርቴን ሳቋርጥ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን እስከ ግቢው በር ድረስ ሸኙኝና «ሳክሰስ እመኝልሻለሁ» አሉኝ። ያኔ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም፤ ጠይቄ ነው የተረዳሁት። ስኬት፣ ይሳካልሽ ማለት ነው። የዚያን ቀን የጨበጥኩት ነገር እሱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሱቄ «ሳክሰስ» ይባላል። ሌላ ነገር አልሰማም።

ለባሌ ስነግረው ጉርሻውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ቀረ።

«ኤስ ይበዛበታል» አለ። «ሦስት ኤስ አለው፣ ሁለት ሲ አለው…»

«እና?»

«ካርቶኑ ውስጥ ኤስ የለኝም።»

«ቁረጣ! ቆራጭ አይደለህም እንዴ?»

«እስቲ ሌላ ቃል ልፈልግልሽ» ብሎ ተነሳ።

ማን ፈልግልኝ አለው? በማግስቱ «ሊነን» ይዞ መጣ፤ የጨርቅ ዓይነት ነው አለኝ። አልፈልግም አልኩ። ደግሞ «ኤለን» አለ፤ ይቺ የማን ሚስት ናት አልኩት። አንድ ቀን ጠዋት ቀሚስ እየተኮስኩ ሳለ ፊቱ በርቶ፣ መዝገበ ቃላቱን ደረቱ ላይ አቅፎ ገባ።

«አገኘሁት! ቬልቬት!»

«ምንድነው እሱ ደግሞ?»

«ከፋይ! ከፋይ ማለት ነው እኮ! ልብስ ሰፊ ከዚህ የበለጠ ስም ከየት ታመጣለች? ነገ ማታ ሰቅዬልሽ ታድሪያለሽ።»

እውነቱን ለመናገር ቃሉ ያምራል። ግን የኔ አይደለም። ደሜ ፈላ። ካውያውን አስቀመጥኩና የልቤን ተናገርኩ። «ጋሽ ኤቢሲዲ፣ ስማ። ለመንገዱ ሁሉ ትርፍራፊ ስታድል ዝም አልኩ። ውሻዬን ዱዜ ስትላት ዝም አልኩ። በዕድሜዬ አንድ ነገር ብለምንህ ለሚስትህ አንድ ላሜራ ሳሳህ? እንዲህ ቋጣሪ ነህ?»

ይመልስልኛል ብዬ ስጠብቅ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እኛ ቤት ነገር እንዲህ አያልቅም። ሁለታችንም ጮኸን፣ ልጃችን አስታርቃ፣ ተሳስቀን ነው የሚያልቀው። የመክፈቻው ቀን ተቃርቧል፤ ቀሚሶቹ ተሰቅለዋል፤ የሱቄ ግንባር ግን እንደተላጨ ራስ ራቁቱን ቆሟል።

በዚያው ሰሞን ሱቄ ደጃፍ ተቀምጬ የመጋረጃ ጠርዝ በእጄ እየሰፋሁ መንገዱን አያለሁ። ወተት ቤቱ «ዋይት» ይላል። ዳቦ ቤቱ «ፋሚሊ»። ወፍጮ ቤቱ «ሚል»። አዲሱ ክሊኒክ «ሄልዝ»። አራቱም ካለፈው ክረምት ወዲህ ባሌ የሰቀላቸው ናቸው። መርፌዬ እጄ ላይ ቆመች። አንድም ክብ የለባቸውም። ሁሉም ፊደል መስመር ብቻ ነው፣ ቀጥ፣ ቀጥ፣ ጋደም። ማዶ ያሉትን የድሮዎቹን አየሁ፤ «ኦሬንጅ»፣ «ኖርዝ»፣ «ስታር»። እነሱ ውስጥ ኦ አለ፣ ኤስ አለ፣ አር አለ፤ ሆዳቸው ክብ፣ ወገባቸው የተጠማዘዘ። ከዚያ ሊነንን አሰብኩ፣ ኤለንን አሰብኩ፣ ቬልቬትን አሰብኩ። አንድ ክብ የላቸውም!

እኔ ክብ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ስፌት የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የትራስ ልብስ ይሰጠዋል፤ አራት ቀጥታ ብቻ ስለሆነ። የእጅጌን ዙሪያ፣ የኮሌታን ጉብጠት የሚቆርጠው እጁ የጸና ብቻ ነው። ባሌ ካለፈው ክረምት ጀምሮ የትራስ ልብስ እየሰፋ ነበር። መንገዱ ሁሉ ግንባር ላይ ተጽፎ ሳለ እኔ ሚስቱ እንኳ አላነበብኩትም።

መጋረጃውን ጥዬ ወደ ሥራ ቤቱ ገሰገስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ባሌ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ በላሜራ መቀስ እየቆረጠ ነው። ቀጥታው ላይ መቀሱ እንደ ቅቤ ሄደ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ መቀሱ ዘለለና ላሜራውን ነከሰው። ባሌ «ኤዲያ!» አለና ብረቱን ጥግ ላይ ወደቆመ ማዳበሪያ ወረወረው። ማዳበሪያው ሙሉ ነው። ከላይ የወጡትን አየኋቸው፤ ግማሽ ኤስ፣ የተነከሰ ኤስ፣ አንገቱ የተቆረጠ ሲ። ሁሉም የኔ ፊደሎች ናቸው። ሊሠራልኝ ሲሞክር ነው የከረመው።

አንጀቴን በላው። እኔ ደግሞ አንጀቴ ሲበላ ድምፄ ይወጣል።

«አንተ ሰውዬ!»

መቀሱ ከእጁ ወደቀ። «በስመ አብ! ልትገይኝ ነው?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ሊዋሽ ፈለገና ማዳበሪያውን አይቶ ተወው። «ካለፈው ክረምት። መዶሻ ስይዝ ምንም አይለኝም። ፒንሳም ስይዝ ምንም። ቀጥታም ደህና ነኝ። ቀስ ብዬ ላዞር ስል ነው የሚከዳኝ። ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር፣ ክፉ በሽታ አይደለም፣ እጅህ ደክሟል አለኝ።»

«ለኔ አይነገርም?»

«ለአንቺ ከተነገረ ፀጉር አስተካካዩ ይሰማል። እሱ ከሰማ ደግሞ መንገዱ ይሰማል። ‹ኤቢሲዲ አለቀለት› ይላሉ። ማን ሥራ ያዘኛል ከዚያ ወዲያ?»

«እኔን ወሬኛ ነሽ ማለትህ ነው?»

«ወሬኛ አላልኩም። ምስጢር ስታወሪ ትጮሂያለሽ ነው ያልኩት።»

ጮኼ «አልጮህም!» አልኩት። እሱ ፈገግ እንኳ አላለም። ዓይኑን ከእጁ ላይ ሳያነሳ፣ «ቃልሽን ልሰጥሽ ፈልጌ ነበር። እምቢ አለኝ» አለ። እንዲህ ያለውን ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። ፈራሁ። ታፔላውንስ ሌላ ሰው ይሠራዋል፤ ይኼ ሰው ሥራውን ካጣ ግን ከእኔ ጋር የሚቀረው ማን ነው? ከንፈሬን ነክሼ ሻሼን ፈታሁና ወገቤን አሰርኩበት።

«አዲሱን ላሜራ ወዲህ በለው።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ልቆርጥ ነዋ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ጨርቅ አይደለም እኮ።»

«ጨርቅ ቢሆንማ ይኼኔ ለብሰኸው ነበር። አምጣ!»

በካርቶን የተቆረጠውን የኤስ ሞዴል ላሜራው ላይ አስተኛሁ፣ በጠመኔ አሰመርኩ፣ መቀሱን ያዝኩ። ይከብዳል። ግን ስፌት ያስተማረችኝ ሴትዮ አንድ ነገር እየደጋገመች ትለኝ ነበር፤ ዙር ሲመጣ መቀሱን አታዙሪ፣ ጨርቁን አዙሪ። «ላሜራውን ያዝ» አልኩት ባሌን፣ «ስልህ ወደ አንተ ታዞራለህ፣ ስልህ ትቆማለህ።» ክንዱ አሁንም ብርቱ ነው። እሱ አዞረ፣ እኔ ቆረጥኩ። «አዙር… ቀስ… ቁም… አዙር አልኩህ እኮ!» «አዞርኩ እኮ!» እየተባባልን፣ ላብ በላብ ሆነን፣ አንድ ሙሉ ኤስ ከላሜራው ወጣ። ያልተነከሰ። ወገቡ የተጠማዘዘ።

ባሌ አነሳው። የካርቶን ሞዴሉን ላዩ ላይ አስቀመጠ። ግንባሩን ቋጠረ፤ ካርቶኑን አነሳና እንደገና አስቀመጠ።

«ምነው?» አልኩ።

«ወፍሯል። ዙሪያውን በሙሉ በጣት ወፍሯል።»

ሄጄ አየሁ። እውነቱን ነው። ማፈር ጀመርኩ። «የስፌት ትርፍ ነው» አልኩ ቀስ ብዬ።

«የምን?»

«የስፌት ትርፍ! ጨርቅ ሲቆረጥ ለመታጠፊያ ይተዋል፤ እጄ ለምዶ ነው!»

ባሌ ኤሱን አየ። እኔን አየ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። «ለኤስ… ለኤስ ገበር ልታስገቢለት ነው?» አለና ጠረጴዛውን ተደግፎ፣ አልቻለም፣ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለ። መጀመሪያ ቱግ ልል ነበር። ግን ይኼን ሳቅ ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ ነው! እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ።

ሳቁ በርዶለት ኤሱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ጣቱን በጠርዙ ላይ ወዲህና ወዲያ አመላለሰ። ማፏጨት ጀመረ።

ፉጨቱ ድርግም አለ።

«ለመታጠፊያ ነው ያልሽኝ?»

ተነስቶ ፒንሳውን ያዘና ትርፉን ወደ ኋላ አጠፈው። ቀጥ ባለው በኩል እሺ ብሎ ታጠፈ፣ ዙሩ ላይ ግን ተጨማደደበት። አሁን ደግሞ የኔ ሙያ ነው። «ቆይ፣ ኮሌታም እንዲህ ያደርጋል» አልኩና የትርፉን ጫፍ ጫፍ በመቀስ በጣሁለት፣ ልክ ኮሌታ ከመገልበጤ በፊት እንደማደርገው። አጠፈው። በመዶሻ ኳ ኳ አደረገው። ሲያዞረው ኤሱ ዝርግ መሆኑ ቀርቶ እንደ ዳቦ ኩፍ ብሎ ቆሟል። እስከዚያን ቀን ድረስ የሱ ፊደሎች ሁሉ ግድግዳ ላይ የሚለጠፉ ዝርግ ብረት ነበሩ፤ ይኼ ግን ሆድ አለው፣ ጥላ አለው። ሁለታችንም እያገላበጥን አየነው። እንዲህ የሚያምር ነገር ከእጃችን ይወጣል ብሎ ማን አሰበ?

የቀሩትን በዚሁ መንገድ ሠራናቸው፤ እኔ ቆርጬ እሱ አጥፎ። ኢ ላይ ስደርስ መቀሱን ከእጄ ነጠቀኝ። «እሷን አትነኪብኝ። ቀጥ ያለች ናት፤ የኔ ድርሻ ናት።» ትርፉን እንዳይረሳ አስጠንቅቄ ተውኩለት።

የመክፈቻው ዕለት ታፔላው ግንባሩ ላይ ቀይ ሆኖ ሲወጣ መንገዱ ቆመ። ወተት ሻጯ ወጣች፣ ጫማ ሻጩ መጣ፣ የዳቦ ቤቱ ሰዎች ከነዱቄታቸው ተሰለፉ። ፀጉር አስተካካዩማ ደንበኛውን ግማሽ ላጭቶ ትቶት ነው የመጣው። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አንጋጦ አየ፣ አየና ወደ ባሌ ዞረ።

«ጋሽ ኤቢሲዲ! እጅህ እንደ ወይን ነው እንዴ፣ እየቆየ የሚያምረው? እንዲህ ያለ ዙር እኮ በወጣትነትህም አልቆረጥክ!»

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ሱቁ በር ላይ ሜትሬን አንገቴ ላይ ጥዬ ቆሜያለሁ። ሙገሳውን ይቀበል። ማንም አያውቅም። እኔም ትንፍሽ አልልም፤ ለአንዴ አፌን ልዘጋለት ቆርጬ ነበር።

ባሌ ቀኝ እጁን አነሳና ፀጉር አስተካካዩ ፊት ዘረጋው።

«ይቺ እጅ ዙር መቁረጥ ካቆመች ከረመች» አለ ሁሉም እንዲሰማ። «የቆረጠችው ባለቤቴ ናት። እኔ አጣፊ ነኝ።» ትንሽ አሰበና ጨመረ። «ኢዋን ግን እኔ ነኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ እጁን አየ፣ ታፔላውን አየ፣ እኔን አየኝ። ከዚያ ወደ ባሌ ጠጋ አለ። «ታዲያ… ለኔም እንዲህ ሆዳም ፊደል ብትሠራልኝ?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» አለ ባሌ። «ዙር ያለበት ከሆነ እሷን ነው። ወረፋ ይዘህ።»

ሁሉም ወደኔ ዞረ። ዕድሜዬን ሙሉ ከኋላ ክፍል ስሰፋ አንድም ሰው እንዲህ ዞሮ አይቶኝ አያውቅም። ባሌ ከሰው መሃል በዓይኑ «በይ እንጂ» አለኝ፤ እጁን አልደበቀውም፣ ኪሱም ውስጥ አልከተተው።

ሜትሬን ከአንገቴ አወረድኩ።

«ለመቼ ነው የምትፈልገው?» አልኩት።